ውሃ ልኩ መሃል ነበር

«አቦ፣ ውሃ ልኩ መሃል ነው። ና ራስህ እየው።»

ይህን ያለኝ ረዳቴ ነበር። ጊዜው መጋቢት 2016፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ብሎ፣ ቦታው ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙ የማይርቅ ባዶ ይዞታ። ሄጄ አላየሁም። ከቆምኩበት ሆኜ «ዝም ብለህ ቀጥ አድርገህ ያዝ!» አልኩት። የሚለየን አሥር እርምጃ ነበር። ያቺን አሥር እርምጃ አለመሄዴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ቀያሽ ነኝ። በመጋቢት ፀሐይ ሜዳ ላይ መዋል ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግረውም። ያን ዓመት ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ነው የገቡት። እሱም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ስለዚህ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ለምን ከኢፍጣር በኋላ አንሠራም? ቀዝቀዝ ይላል፣ ፀሐይም የለች። ባለይዞታዎቹ በአጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። ጉዳዩን ሽማግሌ ይዞታል። በማግስቱ ጠዋት ችካሉ ተተክሎ መገኘት አለበት ተባልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ጂፒኤስ፣ ቤዝ የምንለው፣ በሚታወቅ ነጥብ ላይ ይተከላል። ሌላው፣ ሮቨሩ፣ ሁለት ሜትር በሆነ ፖል ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከነጥብ ነጥብ ይዞራል። ፖሉ ላይ ትንሽ ክብ ውሃ ልክ አለች። አረፋዋ ክቡ መሃል ስትቀመጥ ፖሉ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። የልጁ፣ የረዳቴ፣ ሥራ አረፋዋን መሃል ማቆየት ነው። የእኔ ሥራ ኮንትሮለሩን፣ በእጅ የሚያዘውን የጂፒኤሱን ስክሪን፣ ማየት። ኮንትሮለሩ «ፊክስ» ካለ ስህተቱ የሳንቲ ሜትር ጉዳይ ነው። «ፍሎት» ካለ ጠብቅ ማለት ነው።

ያን ምሽት ፊክስ ይላል፣ ፍሎት ይላል፣ ተመልሶ ፊክስ ይላል። የሳተላይቱ ቁጥር ይወርዳል፣ ይወጣል። ዛፍ የለም፣ ፎቅ የለም፣ ሰማዩ ክፍት ነው። በመጨረሻ ለጥቂት ሰከንድ «ፊክስ» ብሎ ሲረጋልኝ ነጥቡን ያዝኩና ወደ ቤታችን ሄድን።

ጠዋት በቶታል ስቴሽን፣ ሳተላይት በማይፈልገው የማዕዘንና የርቀት መለኪያ፣ ስናመሳክር አንዱ ማዕዘን 40 ሳንቲም ሸሽቶ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ያያሉ። አንደኛው ባለይዞታ፣ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንለው፣ ችካሉን በከዘራው ነካ ነካ አደረገና «ድንበሩ ሌሊቱን ተነሥቶ ሄደ እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ዞር አልኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ልጁ ፖሉን አጋድሞ ይዞት ነው። ጾሙ አድክሞት ይሆናል» አልኩ።

ልጁ ምንም አልመለሰም። አየኝ ብቻ። ከዚያ ፖሉን ጠርጎ፣ አጥፎ፣ መኪናው ላይ ጫነው። ወሩ ሲያልቅ ደመወዙን ተቀበለና አልተመለሰም።

## «ስንት ሰዓት ነበር?»

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ፊዚክስ ከሚያስተምር ጓደኛዬ ጋር ሻይ እየጠጣን ታሪኩን ለሳቅ አነሣሁት። የሐጂን ንግግር አሳምሬ ነበር የማወራው። ጓደኛዬ አልሳቀም።

«ስንት ሰዓት ነበር?» አለኝ።

«ማታ 2 ሰዓት።»

«ወሩስ?»

«መጋቢት። ረመዳን ላይ።»

«ያለፈው?»

«አዎ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ፀሐይ በ11 ዓመት አንዴ በምትበረታበት ሰሞን፣ በመጋቢት፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ድሬ ላይ ጂፒኤስ ተከልክ። ከዚያ ሰው ከሰስክ?»

ምን እንደሚል አልገባኝም። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ሌላ መንገድ ያዘ። «እሺ ሰማዩን ተወው። ፖሉ ስንት ሜትር ነው?»

«ሁለት።»

«40 ሳንቲም እንዲስት ስንት ዲግሪ መጋደል አለበት?»

ይህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጥያቄ ነው። 40 ለ200፣ አንድ አምስተኛ። ከ11 ዲግሪ በላይ። ቁጥሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመጣ አብሮት የመጣው የዚያ ምሽት ምስል ነው። የእጅ ባትሪው ውሃ ልኳ ላይ በርቷል። 11 ዲግሪ ሲያጋድል አረፋዋ ከክቡ ወጣ ብቻ አትልም፤ ጠርዙ ላይ ሄዳ ትለጠፋለች። ፖሉ ራሱ እንደ ሰካራም ይታያል። ልጁ ቀርቶ በመንገድ የሚያልፍ ሰው «ወንድም፣ እንጨትህ ሊወድቅ ነው» ይል ነበር። ልጁ ደግሞ መሃል ነው ብሎኛል። ና እየው ብሎኛል።

ይህን ሒሳብ አውቀዋለሁ። የምበላበት ሒሳብ ነው። ታዲያ ያን ጠዋት ለምን አልሠራሁትም? ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው አንዱ መልስ። ሌላው ግን የባሰ ነው። ሒሳቡን መሥራት አላስፈለገኝም፤ ምክንያቱም ስለ ልጁ ያለቀለት ግምት ነበረኝ። ወጣት ነው። ሁለት ቀን አርፍዶ ያውቃል። ጾሟል። ስለዚህ አጋድሎታል። በቃ። ያን ምሽት ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ልጁ «በአብዛኛው» ምን እንደሚሆን ነበር የማውቀው።

ጓደኛዬ ሻይ ጨመረና ሰማዩን ያስረዳኝ ጀመር።

## ድሬ ሲቀዘቅዝ

ከምድር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጀምሮ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የአየር ክፍል አለ። አዮኖስፌር ይባላል። የፀሐይ ጨረር እዚያ ያለውን ስስ አየር እየመታ ኤሌክትሮኖችን ይነጥላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀስ በቀስ ተመልሰው ይገጥማሉ። አባቶቻችን ስሙን ሳያውቁት ኖረውበታል። በራዲዮ ቀን የማይሰማው የባሕር ማዶ ጣቢያ ማታ ጥርት ብሎ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ቀን ቀን ሞገዱን የሚውጠው የታችኛው ንብርብር ማታ ይጠፋል። በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ የነበረው ኬነሊና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ፣ ሳይመካከሩ፣ እንዲህ ያለ ንብርብር ሰማይ ላይ መኖር አለበት ያሉት በፈረንጆቹ 1902 ነው። የባቡሩ ሐዲድ ድሬ የደረሰውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ እንዲሁ ደስ ይለኛል።

የጂፒኤስ ሳተላይት ያለው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ምልክቱ ወደ እኛ ሲወርድ በእነዚህ ኤሌክትሮኖች መሃል ያልፋል፣ ይዘገያልም። ከሳተላይቱ እስከ እጅህ ድረስ አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቧንቧ አስብ። በቧንቧው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛት ነው ጠቅላላ የኤሌክትሮን መጠን የሚባለው። አንድ መለኪያ ዩኒት 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ነው። አንድ ዩኒት በዋናው የጂፒኤስ ሞገድ ላይ 16 ሳንቲም ያህል ስህተት ይጨምራል። መጠኑ 100 ዩኒት ከደረሰ 16 ሜትር ሆነ ማለት ነው። በእኛ ሰማይ 100 መድረስ ተረት አይደለም።

ብዛቱ እንደ ሰው የቀን ልማድ አለው። ጎህ ሳይቀድ በጣም ያንሳል። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ይጎመራል። የድሬ ሰው ይህን ሰዓት በደንብ ያውቀዋል፤ ሱቅ ገርበብ የሚልበት፣ በርጫ የሚጀመርበት ሰዓት ነው። እኛ ጥላ ስንፈልግ ኤሌክትሮን ሜዳ ይወጣል። በዓመትም ልማድ አለው፤ በመጋቢትና በመስከረም ይበዛል፣ በሰኔ አካባቢ ያንሳል።

የቀኑ ብዛት ግን አደገኛው አይደለም። ብዙ ቢሆንም የተረጋጋ ነው። ቤዙና ሮቨሩ ቅርብ ለቅርብ ከሆኑ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰማይ ስለሚያዩ ስህተቱ ይጠፋፋል። ጉዱ ያለው ማታ ነው። እኛ ያለነው መግነጢሳዊ ወገብ በሚባለው መስመር አጠገብ ነው፤ የምድር መግነጢስ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚተኛበት መስመር። አዲስ አበባ ያለው የመግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያ ከፈረንጆቹ 1958 ጀምሮ በዓለም የሚፈለገው ለዚህ መስመር በመቅረቡ ነው። በዚህ መስመር ላይ ቀን ቀን ኤሌክትሮኖቹ እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ይነሣሉ፣ ከዚያ በመግነጢሱ መስመር ተንሸራተው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ደግሞ፣ ልክ ፀሐይ ከመጥለቋ በኋላ፣ አንድ የመጨረሻ ብርቱ ግፊት ይመጣል። የላይኛው ንብርብር ሽቅብ ይገፋል፤ ከሥሩ ያለው ግን ባዶ እየሆነ ነው። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች። ዘይት ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ከሥር ቀላሉ እየሰነጠቀ ይወጣል፤ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው ግዙፍ አረፋዎች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይነሣሉ።

አረፋ ስል በዓሉን አይደለም። የድሬ አንባቢ እንዳይስቅብኝ።

በእነዚህ አረፋዎች ውስጥ የሚያልፍ ምልክት እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። ጂፒኤሱ ሳተላይቱን ይስታል፣ ያገኘዋል፣ ይስታል። ፊክስ፣ ፍሎት፣ ፊክስ። ያን ምሽት ሁለት አረፋ ነበረ። አንዷ ልጁ እጅ ላይ፣ ክቡ መሃል ቁጭ ብላለች። ሌላው ከራሳችን በላይ እየፈላ ነው። እኔ የተጣላሁት ከትንሿ ጋር ነው።

## ከበሮ በሰው እጅ

ከዚያ በኋላ ነገሩ ያዘኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ላፕቶፕ ከፍቼ አመሽ ጀመር። የዚያ ምሽት ጥሬ ፋይል አልጠፋም ነበር፤ ከዚያ ፋይል ላይ የኤሌክትሮኑን ብዛት ማውጣት ይቻላል። ሳተላይቱ በሁለት ሞገድ ነው የሚልከው፤ አንዱ 1575.42፣ ሌላው 1227.60 ሜጋኸርዝ። ከደንገጎ እኩል ተነሥተው ቁልቁል የሚወርዱ ሁለት ሰዎች አስብ። መንገድ ላይ አሸዋ አለ፣ አሸዋው አንደኛውን ይበልጥ ይይዘዋል። ስንት ደቂቃ ተለያይተው እንደደረሱ ካወቅህ አሸዋው ምን ያህል እንደነበር ሳታየው ትነግረኛለህ። ዝቅተኛው ሞገድ ነው ይበልጥ የሚያዘው።

ግራፉን ሳወጣው የጠዋቱ መስመር ለስላሳ ነው። የማታው ተበጣጥሷል። አንዱ ሳተላይት ይንቀጠቀጣል፣ ይቋረጣል፤ ከዚያ ሌላው። ይኸው ማስረጃዬ ብዬ ተደሰትኩ። ቀጥሎ ግን የማግስቱን ምሽት ፋይል ከፈትኩ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌላ ቦታ ለክተን ነበር። ንጹሕ ነው። አንድም መንቀጥቀጥ የለበትም። ያው ፀሐይ፣ ያው መጋቢት፣ ያው ድሬ። በአንድ ቀን ልዩነት ሌላ ሰማይ።

እዚህ ላይ ነው መተንበይ የሚባለው ነገር ያማረኝ። ስልካችን ውስጥ ያለው ጂፒኤስ አንድ ሞዴል፣ የሰማዩን መዘግየት የሚገምት ቀመር፣ ይጠቀማል፤ አሜሪካዊው ክሎቡቻር በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የሠራው፣ ሳተላይቱ በሚልካቸው 8 ቁጥሮች የሚሠራ። ስህተቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሌሊቱን በሙሉ አንድ ቋሚ ቁጥር ነው የሚገምተው፣ 5 ናኖ ሰከንድ። ለዚያ ዘመን ኮምፒውተር ብልህ ሥራ ነው። ከእሱ የሚበልጡም አሉ። አይአርአይ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሞዴል ብዙ አሥርት ዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ይዟል። ኔኩዊክ የአውሮፓው ጂፒኤስ፣ ጋሊልዮ፣ የሚጠቀምበት ነው።

እኔ ደግሞ የራሴን ልሥራ አልኩ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። የቀኑን ሰዓት፣ የዓመቱን ቀን፣ የፀሐይን የራዲዮ ኃይል፣ የመግነጢሱን ሁከት መለኪያ አስገባሁ። ትንሽ ኒውራል ኔትወርክ፣ ከመረጃ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አሠለጠንኩ። መረጃው የመጣው አገራችን ውስጥ ካሉ ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ነው። ብዙዎቹ የተተከሉት ስምጥ ሸለቆው በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚከፈት ለመለካት ነበር። ለመሬት አጥኚው አዮኖስፌሩ መወገድ ያለበት ገለባ ነው፤ የእኛ አገር የአዮኖስፌር ተመራማሪዎች ያን ገለባ ሰብስበው እህል አደረጉት።

ውጤቴ አማረ። ግራፉ ከትክክለኛው መስመር ጋር ተጣብቋል። ለጓደኛዬ ላክሁለት። ሁለት ጥያቄ ብቻ መለሰልኝ። «መፈተኛውን እንዴት ነው የመረጥከው?» እና «ትናንት በዚሁ ሰዓት ከነበረው ጋር አወዳድረኸዋል?»

የመጀመሪያው ጥያቄ ገደለኝ። መረጃውን እንደ ካርታ በውዤ ነበር የከፈልኩት። የ8 ሰዓቱ ለማሠልጠኛ፣ የ8 ሰዓት ከሩቡ ለመፈተኛ ይደርሳል። ተማሪው መልሱን አይቶ ነው ፈተና የገባው። በወራት ለይቼ ደግሜ ስሠራው ማማሩ ቀነሰ። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ቀበረኝ። ምንም ሳያስቡ «ነገ እንደ ዛሬ ነው» ማለት፣ ፀሐይዋ ጸጥ ባለች ሰሞን፣ ስንት ሌሊት ያመሸሁበትን ሞዴል ይረታው ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ የሚናገረው ትንበያ።

ደግነቱ «ነገ እንደ ዛሬ»ም ቀን ይጥለዋል። ግንቦት 2 ቀን 2016፣ ዓርብ፣ በሃያ ዓመታት ውስጥ ያልታየ የፀሐይ ማዕበል ምድርን መታ። አሜሪካ ውስጥ በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮች በዘር ወቅት ቆሙ። በኋላ ያን ሳምንት ለሞዴሌ ሰጠሁትና እስከ ዓርብ ባለው መረጃ ቅዳሜን ተንብይ አልኩት። አንድ ደስ የሚል፣ የተለመደ ቅዳሜ ተነበየልኝ።

## የደቻቱ አማካይ

ስለ ሞዴል ሳስብ ደቻቱ ትዝ ይለኛል። ደቻቱን በአማካይ ብትለካው አሸዋ ነው። በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ሰው ይሻገረዋል፣ ፍየል ይተኛበታል። «ደቻቱ ነገ ደረቅ ነው» ብሎ በየቀኑ የሚተነብይ ሰው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ልክ ነው። በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደብንም ይኸው ደቻቱ ነው። ጎርፉ ድሬ ላይ ከዘነበ ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ ከላይ ከደጋው ነው የወረደው።

አይአርአይ የሚሰጠው የወሩን የተለመደ ሁኔታ ነው። አይዋሽም። መጋቢት 2016 ድሬ ላይ ምን እንደሚመስል ብትጠይቀው ደህና አድርጎ ይነግርሃል። የዚያን ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ግን አያውቅም። አረፋው የሚነሣበትን ምሽት ከማይነሣበት ለይቶ አስቀድሞ መናገር ዛሬም የተመራማሪዎቹ ራስ ምታት ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲያስረዳኝ በደስታ ነው፤ ለእሱ ያልተፈታ ጥያቄ እንጀራ ነው። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ልጁንም በወሩ አማካይ ነው የፈረድኩበት።

አሁን በመጋቢትና በመስከረም ማታ አልለካም። ግድ ከሆነ አንዱን ነጥብ በተለያየ ሰዓት ሁለቴ እይዛለሁ፣ ጥሬውን ፋይል አስቀምጣለሁ። አለቃዬን ስለዚያ ቀን እውነቱን ነገርኩት። «አሁን ምን ይሠራል?» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

## ሸዋ በር

ልጁ ሐረር ባጃጅ እንደሚነዳ ሰማሁ። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ወጣሁ። ደንገጎ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ፤ መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። ሸዋ በር አካባቢ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሜ አገኘሁት። ወፍሯል። አወቀኝ፣ ጨበጠኝ፣ «ግባ» አለኝ።

እየሄድን ነገርኩት። ስለ አረፋው፣ ስለ 11 ዲግሪው፣ ስለ ግራፉ። ስልኬን አውጥቼ የተበጣጠሰውን መስመር አሳየሁት። ቀይ መብራት አልነበረም፤ እሱ ግን ባጃጁን ዳር ይዞ አቆመና ግራፉን ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን የተቋረጠው ቦታ ላይ አደረገ።

«እዚህ ጋ ነው የጮህክብኝ?» አለ።

«እዚያ አካባቢ ነው።»

«ውሃ ልኩ መሃል ነበር። ሁለቴ ነገርኩህ እኮ።»

«ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሰው ፊት ነው ያልኩት፣ በሰው ፊት ማለት ነበረብኝ።»

ራሱን ነቀነቀና ሞተሩን አስነሣ። ሌላ አላወራንም። ፈረስ መጋላ ስንደርስ ወረድኩ። የድሬ ልጅ የሚያውቀውን ሰው ጭኖ ገንዘብ አይቀበልም፤ «አቦ ተወው» ይላል፣ ትለማመጠዋለህ፣ በግድ ኪሱ ትከትለታለህ። ብሩን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ። መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ።